ዩክሬን ያላችሁ፣ ሲቪሉ ሰው እንዴት ነው እየኖረ ያለው?

ግራ የገባው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቲክቶክ ላይ የኪየቭን ካፌዎች አያለሁ፤ ሰው ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ቪዲዮ ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ፎቅ ነው። የቱን ልመን? ስለ ግንባሩ ብዙ ሰምቻለሁ። የምጠይቀው ልጅ ስለሚያሳድገው፣ ሥራ ስለሚገባው፣ እናት ስለሚጦረው ሰው ነው። እዚያው የኖረ ሰው ካለ ይንገረኝ።

የካርኪቭ አማች፦

ወንድሜ፣ ሁለቱንም እመን። አንድ ቀን፣ አንድ መንገድ ላይ ሁለቱንም ልታይ ትችላለህ። እኔ ካርኪቭ ለትምህርት መጥቼ፣ አግብቼ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ። ሚስቴ የከተማዋ ልጅ ናት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችን። የምነግርህ የካርኪቭን ነው። በምዕራብ በኩል ሊቪቭ ያለ ሰው ሌላ ሊልህ ይችላል።

ካርኪቭ ከሩሲያ ድንበር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ይቺን ቁጥር ያዝልኝ። ኪየቭ ላይ ሳይረን ሲጮህ ሰው ጫማውን አጥልቆ ሜትሮ (ከመሬት በታች ያለው የባቡር ጣቢያ) ለመውረድ ብዙ ጊዜ ፋታ ያገኛል። እኛ ጋ ድንበር ማዶ ካለችው የሩሲያ ከተማ ከቤልጎሮድ በኩል የሚተኮሰው ሚሳይል ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። ስንቴ መጀመሪያ ፍንዳታው ተሰምቶ ሳይረኑ ከኋላ እየተጎተተ መጥቷል! ስለዚህ አብዛኛው ሰው መሮጡን ትቶታል። «የሁለት ግድግዳ ሕግ» የሚሉት አለ፦ በአንተና በደጅ መካከል ሁለት ግድግዳ ይኑር። የመጀመሪያው ፍንዳታውን ይቀበላል፣ ሁለተኛው ስብርባሪውን ያስቀራል።

እኛ ቤት ያ ቦታ ኮሪደሩ ነው፤ ጫማ የምናወልቅበት። የልጄ ፍራሽ ከጫማ መደርደሪያው እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር ልክክ ብሎ ይገባል። በሩ እንዲከፈት እሷ እግሯን ማጠፍ አለባት። ሌሊት ስነሳ ከእንቅልፏ ሳትነቃ እግሯን ትሰበስብልኛለች። ማንም አላስተማራትም፤ ለምዳው ነው።

የሞተው ሰው ቁጥር በዜና ይነገራል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እስከ 2024 መጨረሻ ብቻ ከ12,000 በላይ ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋግጧል፤ ትክክለኛው ከዚያ እንደሚበልጥ ራሱ ይናገራል። እንቅልፍ ግን ዜና አይሆንም። ሻሄድ የሚባለው፣ ፈንጂ ተሸክሞ የሚመጣው የሩሲያ ድሮን ድምፁ እንደ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። ሌሊት ይመጣና ከተማው ላይ ይዞራል። ተጋድመህ ታዳምጣለህ፤ እየቀረበ ነው ወይስ እየራቀ? ድንገት ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው። ሲነጋ ሁሉም ፊቱን ታጥቦ ሥራ ይገባል። የመሥሪያ ቤታችን ግሩፕ ላይ ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ «+» ይጽፋል። አለሁ ማለት ነው። አንዱ ከዘገየ አለቃችን ራሱ ይደውላል፤ ያረፈደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገና እንቅልፍ የወሰደው ሰው ነው።

መብራት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሩሲያ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ የኃይል ማመንጫዎችን በዘመቻ መምታት ጀመረች። በማርች 2024 የእኛን ከተማ ማመንጫዎች መታቻቸው፣ ከዚያ ወዲህ መብራት የምናገኘው በተራ ሆነ። መብራት ጠፋ ሲባል ሻማ ብቻ ይታይህ ይሆናል። አማቴ የሚኖሩት ሰሜን ሳልቲቭካ የሚባል የከተማችን ሰፈር፣ ባለ 16 ፎቅ ሕንፃ 11ኛው ላይ ነው። መብራት ሲሄድ የውሃው ፓምፕ ይቆማል። ሊፍቱ ይቆማል። እንዲህ ያሉ ረጃጅም ሕንፃዎች ጋዝ ስላልተዘረጋላቸው ምድጃውም የኤሌክትሪክ ነው፤ ሻይም የለም። የ71 ዓመት ሴት በግንባራቸው ባትሪ አስረው፣ ባለ አምስት ሊትር ውሃ ይዘው ደረጃውን ይወጣሉ። በየሦስት ፎቁ ያርፋሉ። ስድስተኛው ላይ አንድ ጎረቤት ወንበር አውጥቶላቸዋል።

ስለ ካፌው ላልከው፣ ካፌው ጄኔሬተር አለው! ሰው የሚገባው ስልክ ሊሞላ፣ ሊሞቅ፣ ኢንተርኔት አግኝቶ ሥራውን ሊጨርስ ነው። መንግሥትም «የአይበገሬነት ጣቢያ» እያለ ድንኳን ተክሎ ሻይና ማሞቂያ ያቀርባል። ስሙ ትንሽ ተጋኗል፤ ሻዩ ግን ትኩስ ነው። እኛ ሰፈር ያለው ካፌ መስታወቱ ረግፎ በቺፑድ ተደፍኗል። ከውጭ ስታየው የተዘጋ ይመስላል። ቺፑዱ ላይ በቀለም «ክፍት ነን» ተብሎ ተጽፏል።

ልጄ አንደኛ ክፍልን የጀመረችው ሜትሮ ጣቢያ ውስጥ ነው፣ በሴፕቴምበር 2023። ከዚያ በፊት የክፍል ጓደኛ የሚባለውን ነገር በስክሪን ብቻ ነበር የምታውቀው። ከተማው ጣቢያዎቹ ውስጥ ክፍሎች ሠራ፤ በ2024 ደግሞ ከመጀመሪያውም ለትምህርት ቤትነት ተብሎ ከመሬት በታች የተቆፈረ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ስትመለስ ምን እንደተማረች ጠየቅኳት። «ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ፀጉር ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል» አለችኝ። ሚስቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት።

የቀድሞ ተማሪ፦

እኔም ካርኪቭ ሕክምና እማር ነበር። እኔ ግን ወጣሁ። ሰው ሲወጣ ጦርነቱ የሚያልቅ ይመስለዋልና ስለዚያ ልጨምር።

በማርች 2022 መጀመሪያ ከካርኪቭ ወደ ሊቪቭ በባቡር ሄድኩ። ከላይ እንዳንታይ መብራት አጥፍተን ነበር የምንጓዘው። አራት ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ነበርን፣ ድመት ሳይቆጠር። ድንበሩ ላይ ጥቁር ተማሪዎችን ወደ ኋላ ሲያስቆሙ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የአፍሪካ ኅብረትም ያኔ መግለጫ አውጥቶበታል። ቂም ይዤ እንዳልቀር ያደረገችኝ አብራኝ የተጓዘች ዩክሬናዊት ናት። ብርድ ልብሷን ለሁለት ቀድዳ ግማሹን ሰጠችኝ።

አሁን እሷም እኔም ያለነው ጀርመን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በማርች 4, 2022 ለዩክሬናውያን ጊዜያዊ ጥበቃ ፈቀደ፤ እንደ እኔ ያለው የውጭ ተማሪ ግን በየቢሮው መንከራተት ነበረበት። እሷ ወረቀቱን በቀላሉ አገኘች። ባሏን ግን ማምጣት አልቻለችም። ሕጉ ከ18 እስከ 60 ዓመት ያለ ወንድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ በ2025 ነው እስከ 22 ዓመት ላሉት የተፈቀደው። ልጁ አባቱን የሚያውቀው በስልክ ነው። አንድ ጊዜ ሄደው ሲያገኙት «አባዬ፣ ረጅም ነህ እንዴ?» አለው።

ግራ የገባው፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ እማማ ግን ለምን ከዚያ ፎቅ አይወርዱም? እናንተ ጋ ቢመጡስ?

የካርኪቭ አማች፦

ስንቴ ለመንናቸው መሰለህ! በ2022 ሳልቲቭካ በመድፍ ስትደበደብ ወጥተው ነበር፤ ፖልታቫ ዘመድ ጋ አራት ወር ተቀመጡ። ከዚያ አንድ ቀን ደወሉ፤ «ቤቴ ነኝ፣ መስኮት የለም፣ የተቀረው ደህና ነው» አሉን። በቃ። እንግዳ ሆኖ መኖር ከመድፉ ይብስባቸዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከቤቱ ይልቅ ልባቸውን የሰበረው የአትክልት ቦታቸው ነው። ከከተማው ሰሜን ምሥራቅ ፅርኩኒ የምትባል መንደር አለች፤ እዚያ ዳቻ፣ ማለትም የአትክልት ቦታ ያለው የገጠር ቤት አላቸው። የሩሲያ ጦር እስከ ሜይ 2022 ይዟት ነበር። ከለቀቀ በኋላም ፈንጂው ቀረ። እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። አጥሩ ላይ ቀይ ምልክት ተሰቅሏል፣ የራስ ቅል ያለበት። ፖሞቻቸው ከአጥሩ ወዲያ መሬት ላይ ረግፈው ይታያሉ። አማቴ ቆመው ቆጠሯቸው። ከዚያ «ዘንድሮ ጥሩ አፍርተው ነበር» አሉና መኪናው ውስጥ ገቡ።

ሌላም አለ። ታላቅ እህታቸው ቤልጎሮድ ናቸው፤ በመኪና ድሮ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። እኔ ሳገባ ሠርጉ ላይ የጨፈሩት እሳቸው ነበሩ። ጦርነቱ በተጀመረ ሳምንት አማቴ ከምድር ቤት ሆነው ደወሉላቸው። እህትየው «የራሳችሁ ሰዎች ናቸው የሚመቷችሁ፣ በቴሌቪዥን አይቻለሁ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። በ2023 ማብቂያ ቤልጎሮድ ስትመታ አማቴ ስልኩን ሲያነሱ፣ ሲያስቀምጡ፣ ሲያነሱ አመሹ። እኛም ዝም አልን። ምን ይባላል?

የሚያቆያቸው ግን አንድ ተራ ነገርም ያለ ይመስለኛል። ሊፍቱ ጥግ አንድ ካርቶን አለ። መብራት ድንገት ሲሄድ ሰው መሃል ላይ ለሰዓታት ሊታገት ይችላልና ጎረቤቶች ያስቀመጡት ነው፤ በብዙ ሕንፃ ታየዋለህ። ውሃ፣ ብስኩት፣ የልብ መድኃኒት፣ ትንሽ ባትሪ፣ ወፍራም ላስቲክም አለው። የላስቲኩን ጥቅም አንተው ገምት። የእሳቸውን ሕንፃ ካርቶን የሚጠብቁት አማቴ ናቸው። የጎደለውን ይሞላሉ፣ የባትሪውን ድንጋይ ይቀይራሉ፣ ሳይታገት ብስኩት የሚበላውንም ልጅ ያውቁታል።

እሑድ ልጃችንን ይዤ እሄዳለሁ። ሁለት ፓኮ ብስኩት እንዳመጣ አዘዋል። ያለ ቸኮሌት አሉ፤ ቸኮሌት ያለው ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ቀን አያድርም።