ረጅም ሩጫ ላይ ከ18 ኪሎ ሜትር በኋላ «በቃኝ» የሚለውን ሐሳብ እንዴት ልለፈው?

ጥያቄ፦ የቦሌዋ
ሰላም ቤተሰብ። ለመጀመሪያ ማራቶኔ አራት ወር ቀርቶኛል። እሑድ እሑድ ጠዋት ሱሉልታ ላይ ለብቻዬ 24 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። እግሬም ትንፋሼም ደህና ነው፤ 18ኛው ላይ ስደርስ ግን ጭንቅላቴ «በቃ ቁሚ» ይለኛል። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ፕሮግራም በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ይላል፣ እኔ 6፡35 ነኝ። ሰዓቴን ባየሁ ቁጥር ወኔዬ ይከዳኛል። የምወጣው ቁርስ ሳልበላ ነው፤ ውሃ ብቻ እይዛለሁ።

ዳገቱ
እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ፕሮግራም አስተካክዪው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ያንሳል። ያወረድሽው ፕሮግራም ለቆላ ሯጭ የተሠራ ከሆነ 6፡35 ስንፍና አይደለም፣ የቦታው ፍጥነት ነው። ሰዓትሽ ላይ ፍጥነት የሚያሳየውን ገጽ አጥፊና ያለፈውን ጊዜ ብቻ ተዪ። ልኩ ወሬ ነው፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻልሽ ትክክል ነሽ። የመጀመሪያዎቹን 6 ኪሎ ሜትሮች ደግሞ ከ6፡50 በታች አትውረጂ። 18ኛው ላይ የሚመጣው ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ መነሻው እዚያ የተጣደፈ ሩጫ ነው።

ስንቅ
እኔ ግን ችግሩ ከሐሳብ በፊት ሆድ ይመስለኛል። በዚህ ፍጥነት 24 ኪሎ ሜትር 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ይፈጃል። ጉበት ያከማቸው ስኳር ሌሊቱን በጣም ቀንሶ ያድራል፣ አንቺም ባዶ ሆድ ትወጫለሽ። አንጎል ደግሞ በዋናነት የሚሠራው በስኳር ነው፤ ሲያንሰው መነጫነጭና ተስፋ መቁረጥ ይመጣል፣ እግር ገና ደህና ሆኖ ሳለ።
ከሩጫው 2 ሰዓት በፊት ዳቦ በማርና ሻይ። በጉዞ ላይ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት። ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ማር (34 ግራም ገደማ) እና ቁንጥር ጨው በጥብጪ፤ ወይም መካከለኛ ሙዝ፣ እሱ 25 ግራም ገደማ ነው። 40ኛው ደቂቃ ላይ ጀምሪ፣ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት። ርቦሽ ከጠበቅሽ ዘግይተሻል፤ በአንዴ ከጠጣሽው ደግሞ ሆድሽን ይቆርጥሻል። በጾም እስከ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ ረጅሙን ሩጫ ከምግብ በፊት አታድርጊው።

ረጋ በል
ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሐሳቡ ሲመጣ ግን የሚደረግም አለ። «ቁሚ» ሲልሽ ወዲያው አትወስኚ። ትከሻሽን ጣይ፣ ጡጫሽን ፍቺ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍጥነትሽ 20 ሰከንድ ዘግየት ብለሽ ሂጂ፣ ጠጪ፣ ከዚያ ወስኚ። አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። መንገዱንም ቀይሪ፦ 12 ሄደሽ 12 የምትመለሺበት ይሁን። መኪናሽ አጠገብ የሚያልፍ ዙር በየዙሩ እንድትቆሚ ይለምንሻል።
ሌላው፣ ከባድ የጭንቅላት ሥራ ውለሽ ጠንካራ ልምምድ አታድርጊ። በስፖርት ሳይንስ ተመራማሪው ሳሙኤሌ ማርኮራ የሚመራ ቡድን በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት፣ 90 ደቂቃ አድካሚ የኮምፒውተር ሥራ የሠሩ ሰዎች ብስክሌት ሲነዱ ቶሎ አቆሙ፤ ልባቸው እንደ ሌላው ቀን ይመታ ነበር፣ ድካሙ ግን በዝቶ ተሰማቸው። ፍጥነት ያለው ልምምድ ጠዋት ከሥራ በፊት ይሁን።

ተከታይ
ለብቻ መሮጥሽን ነው እኔ የምቃወመው። እንጦጦም ሰንዳፋም ሯጮች በሰልፍ የሚሮጡት በከንቱ አይደለም። ፍጥነቱን የሚወስነው መሪው ነው፤ አንቺ ከፊትሽ ያለውን ተረከዝ እያየሽ እርምጃሽን ትገጥሚያለሽ፣ ጭንቅላትሽ ያርፋል። ግን ደካማው አባል ያንቺን ፍጥነት የሚሮጥበት ቡድን ምረጪ። 10ኛው ላይ ማውራት ካቃተሽ ሳታፍሪ ወደ ኋላ ቅሪ።

የቦሌዋ
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አንዳንዴ ቁልቁለት ላይ ጉልበቴ በውጭ በኩል ይወጋኛል። እሱንም ልለፈው?

ረጋ በል
አይ፣ እሱን አትለፊው። የሐሳብ ድካም ሁለቱንም እግር ያከብዳል። አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ፣ አረማመድሽን የሚቀይር፣ ቁልቁለት ላይ የሚብስ ሕመም ከጭንሽ ውጭ የሚወርደው ጅማት ሊሆን ይችላል። ያን ቀን አቁመሽ ተራመጂ። ቁልቁለቱን ለሁለት ሳምንት ተዪ፣ ርቀቱን ቀንሺ፣ የዳሌ ማጠንከሪያ ጀምሪ። ካልተሻለሽ ፊዚዮቴራፒስት ይይሽ።