ከናይሮቢ የቲማቲም ዘር በሻንጣ ማስገባት ይቻላል? (አዳማ)

የቆቃዋ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አዳማ ነኝ። ቆቃ አካባቢ ከአጎቴ ጋር ግማሽ ሄክታር ተከራይተን ቲማቲም ልንተክል ነው። የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ከናይሮቢ ይመጣል፣ እዛ ሀይብሪድ (የተዳቀለ) ዘር ረከስ ይላል ሁለት ቆርቆሮ ላምጣላችሁ ወይ ብሎናል። እዚህ ዋጋው አይቀመስም፣ እሱም ከተገኘ። ቦሌ ላይ ይይዙታል እንዴ? ለሁለት ቆርቆሮ ፈቃድ ምናምን አለው?

ሞጆ ሰፈር፦ ኧረ ዝም ብሎ ያምጣው፣ ልብስ መሀል ቢከተው ማን ያየዋል።

ዕፅዋት ጤና፦ ሞጆ ሰው አታሳስት ባክህ። እህቴ፣ ትንሽ ነው ብዙ ነው የሚባል ነገር የለም፣ ዘር ከውጭ ሲገባ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለስልጣን የማስገቢያ ፈቃድ ይወጣል፣ ከዛ ላኪው አገር የፋይቶሳኒተሪ ሰርተፊኬት (ዘሩ ከበሽታና ከተባይ ነጻ ነው የሚል ወረቀት) ይሰጣል፣ ኬንያ ላይ ኬፊስ የሚባለው መስሪያ ቤት ነው የሚሰጠው። ቅደም ተከተሉን አትርሺ፣ ዘሩ ከመነሳቱ በፊት ነው ፈቃዱ የሚወጣው። ወረቀት ከሌለው ኳራንቲን ይወርሰዋል፣ ገንዘባችሁም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ሞጆ ሰፈር፦ እሺ ግን ድሃ ገበሬ ላይ ነው የሚበረቱት፣ ቱታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ ሲገባ የት ነበሩ?

ዕፅዋት ጤና፦ እሱ እንኳን እውነትህን ነው፣ ቱታ በ2004 አካባቢ ታየና ስምጥ ሸለቆን ጨረሰው። ግን ቱታ በዘር አልገባም፣ በፍሬ በችግኝና በሳጥን ነው የሚዞረው። የዘር ጣጣው ቫይረስ ነው፣ አሁን ዓለም የሚፈራው ቡናማ መጨማደድ የሚያመጣው የቲማቲም ቫይረስ በዘር ይሄዳል፣ አንዴ ማሳ ከገባ ደግሞ በእጅና በመቀስ ይዛመታል፣ መድኃኒት የለውም። ዘሩን በዓይን አይተሽ አታውቂውም። ለዛ ነው ወረቀቱ።

ሶደሬ መንገድ፦ ፈቃዱ ላይ ከምትሟሟቺ መልካሳ ምርምር ቅርብሽ አይደል? መልካሾላና መልካሳልሳ የሚባሉት የቲማቲም ዝርያዎች የነሱ ናቸው፣ ሀይብሪድ ስላልሆኑ ከደህና ፍሬ ዘር አውጥተሽ ደግመሽ ትዘሪዋለሽ። ሀይብሪዱን ግን ዘሩን ብታስቀሪ በሁለተኛው ዙር አንዱ ትልቅ አንዱ ሽንብራ የሚያክል ይሆንብሻል። የመልካሳዎቹ ምርት ግን የሀይብሪዱን ያህል አይደለም፣ ያንን አልክድም።

የቆቃዋ፦ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። እዚሁ ከሱቅ ብገዛ ግን ትክክለኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? አምና አጎቴ ከአንድ ሱቅ ገዝቶ ግማሹ አልበቀለም።

ሶደሬ መንገድ፦ በላስቲክ ተመዝኖ የሚሸጥ ከሆነ ትተሽ ውጪ። ማሸጊያው ላይ የዝርያው ስም፣ የሎት ቁጥር (ዘሩ የታሸገበት ዙር መለያ)፣ የብቅለት ፐርሰንትና የተመረመረበት ቀን ይኑር። ደረሰኝም ተቀበይ፣ ባዶ ማሸጊያውን አትጣዪ፣ ካልበቀለ ክስ የምታቀርቢው በሱ ነው። ከመዝራትሽ በፊት ደግሞ 100 ፍሬ ቆጥረሽ እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጊና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጪ፣ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ጠብቂ። ማሸጊያው 85 ብሎ 50 ብቻ ከበቀለ ይዘሽ ወደ ሱቁ።

ዕፅዋት ጤና፦ አቤቱታው የሱቁን ፈቃድ ለሰጠው የኦሮሚያ አካል ነው እንጂ አዲስ አበባ ድረስ አትሂጂ፣ መጀመሪያ ወረዳ ግብርና ጠይቂ ይጠቁሙሻል።

የቆቃዋ፦ እሺ ለአክስቴ ልጅ ተው ብዬዋለሁ። መልካሳ ዘሩን ለግለሰብ ይሸጣሉ ወይስ በማህበር ነው?

ሶደሬ መንገድ፦ ደውለሽ ጠይቂ፣ ሲኖራቸው ነው፣ ቶሎ ያልቃል።