የ404 ኮርኒስ ድሬ ላይ ወደቀብኝ፣ ቅዳሜ ሠርግ አለ

የፈረስ መጋላው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ፔጆ 404፣ ድሮ ታክሲ የነበረ። ውስጡን እንደ ጥንቱ እያስመለስኩት ነው፣ ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ለሠርግ የሚወስደውም እሱ ነው። ኮርኒሱ ሐረር ተሠርቶ በጣም አምሮ ነበር። ደንገጎን ወርደን ድሬ ስንገባ ከመሀል ተላጠና ጭንቅላታችን ላይ ተኛ። አሁን ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቆሜ በአንድ እጄ ጨርቁን ደግፌ በአንድ እጄ እየጻፍኩ ነው። ማስቲሽ ልድገመው ወይስ ሌላ መላ አለ? ጨርቁ ኦሪጅናል ዓይነት ነው፣ ቀይ ከፈይ አበባ ያለው፣ በስንት መከራ የተገኘ ነው።

ቀፊራ፦
ማስቲሽ ጨምርበት። በደንብ።

የጣቢያው ልጅ፦
አቦ ለሙሽሪት ቬሎ አትግዙ በላቸው፣ ከላይ ወርዶላታል 😂

የፈረስ መጋላው፦
እኔ እየተቃጠልኩ ነው አንተ ትስቃለህ።

ጋሽ መካኒክ፦
ልጆቼ፣ መጀመሪያ መኪናውን እወቁት። 404 በፈረንጅ አቆጣጠር በ1960 ነው የወጣው። ቅርጹ የጣሊያኑ የፒኒንፋሪና ሥራ ነው። ሞተሩ 45 ዲግሪ ያዘመመ ነው፣ ማርሹ መሪው ላይ ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963 አሸንፏል፣ ከዚያ ደግሞ በ1966፣ በ67 እና በ68 ተከታትሎ ወስዷል። በኬንያ ጭቃና አቧራ ያልተበገረ መኪና ነው! ዛሬ በየቦታው ያገኘ ሁሉ ይነካካዋል፣ ማን እንደሠራው እንኳን አያውቅም።

የጣቢያው ልጅ፦
ጋሼ፣ ሞተሩ ደህና ነው። የወደቀው ኮርኒሱ ነው።

መኪና ግርግር ሰፊው፦
ወንድሜ ሽቦዎቹስ የት ናቸው?

የፈረስ መጋላው፦
የትኞቹ? ልጁ ሲፈታው የወጡ ጎባጣ ሽቦዎች አሉ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከተናቸዋል። ዝገዋል።

መኪና ግርግር ሰፊው፦
በቃ፣ ችግርህ እዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ያ ኮርኒስ ቆርቆሮ ላይ አይለጠፍም፣ ይንጠለጠላል። ሽቦዎቹ ጨርቁ ጀርባ ላይ በተሰፋ ማስገቢያ ያልፋሉ፣ ጫፋቸው ጣራው ግራና ቀኝ ይገባል፣ እንደ መጋረጃ በለው። ማስቲሽ ዳር ዳሩን ብቻ ነው። የሠራልህ ሰው ጨርቁን እንዳለ ጣራው ላይ ለጥፎታል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፣ ብርድ ስለሆነ ያዘ። ድሬ 1,200 አካባቢ ነው፣ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ተራ ማስቲሽ ይለሰልሳል። ከፈይ ደግሞ ከባድ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ሽቦዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አጽዳና ቀለም ቀባ፣ አለዚያ ዝገቱ ጨርቁ ላይ ቡናማ መስመር ያወጣል። እኩል አይደሉም፣ ርዝመታቸውም ጉብጠታቸውም ይለያያል። ልጁ ቁጥር ስላልጻፈባቸው አንድ በአንድ እየለካህ ቦታቸውን ፈልግ። ቦታው ያልሆነ ሽቦ ወይ ቆርቆሮውን ይነካል ወይ ወደ ታች ይንዘላዘላል። የድሮው ኮርኒስ ካልተጣለ እሱን ልኬት አድርገህ አሰፋ። ጨርቁንም ጣራውንም መሀሉን በጠመኔ አስምር፣ ከመሀለኛው ሽቦ ጀምረህ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ወጥር። የማስገቢያውን ጫፍ በትንሽ በትንሹ ነው የምትቆርጠው፤ ከበዛ ይተረተራል፣ ካነሰ ዳሩ ይጨማደዳል። ዳሩን በልብስ መቆንጠጫ ያዘው። ማስቲሽ መጨረሻ ላይ፣ ጨርቁንም ብረቱንም ቀብተህ እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ጠብቅ። ድሬ ቶሎ ስለሚደርቅ አንድ አንድ ጎን ቀባ። ማለዳ ሥራው።

ቀፊራ፦
ማስቲሽ ጨምርበት አልኩት እኮ።

ዝም አልልም፦
እኔን ያበሸቀኝ ሌላ ነው። አበባ ያለው ቀይ ከፈይ ከመቼ ወዲህ ነው ኦሪጅናል የሆነው? ፋብሪካው እንደዚያ አልሠራም። የታክሲ ባለቤቶች ጌጥ ነው። እውነተኛውን ማየት ከፈለግህ ፀሐይ ያልነካውን ቦታ ክፈት፤ የኋላ ወንበር ሥር፣ የበሩ እጀታ ሥር፣ ጨርቁ ወደ ውስጥ የታጠፈበት። ቀለሙ እዚያ አለ። የዚያ ዘመን የፕላስቲክ ቆዳ በር ላይ ያሉት መስመሮችም ብዙ ጊዜ የተሰፉ አይደሉም፣ በሙቀት የታተሙ ናቸው። በሲንጀር ከሰፋኸው ከሩቅ ያስታውቃል።

የፈረስ መጋላው፦
አቦ እኔ ተወልጄ የተሳፈርኩበት 404 ሁሉ ውስጡ ከፈይ ነው። ፈረንሳይ ሄጄ ላሳየው ነው እንዴ?

ዝም አልልም፦
የሐረር ታክሲ አድርገህ ልትመልሰው ከሆነ ጥሩ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን የፋብሪካ ነው ብለህ እንዳትሸጠው።

የፈረስ መጋላው፦
የምሸጠውስ ማን አለህ። ሰፊው ወንድሜ፣ መስታወት ሳይወጣ ይሆናል?

መኪና ግርግር ሰፊው፦
በሥርዓቱ ከሆነ የፊቱም የኋላውም ይወጣል፣ የጨርቁ ጫፍ ከላስቲኩ ሥር ስለሚገባ። ሲመለስ ላስቲኩ ቦይ ውስጥ ሲባጎ ታስገባና የሳሙና ውሃ ትቀባለህ፣ አንድ ሰው ከውጭ ሲጫን አንዱ ከውስጥ ሲባጎውን እየሳበ የላስቲኩን ከንፈር ያወጣዋል። ለቅዳሜ ግን እንዳትሞክረው። ያ መስታወት ቢሰነጠቅ የት ታገኛለህ? ጎንና ጎኑን ጨርስ፣ ፊትና ኋላውን ላስቲኩ ጥግ ድረስ አጥፈህ ለጥፍ። ከሠርጉ በኋላ ሐረር አምጣው። ከፈዩን ደግሞ ለወንበር አድርገው፣ ለጣራ እዚያው ድሬ ከታይዋን ወይ ከቀፊራ ገበያ ቀለል ያለ ጨርቅ ግዛ። ድሬ ዛሬ ማታ የሚሰፋልህ ሰው አለ?

የፈረስ መጋላው፦
እየፈለግሁ ነው። ሽቦዎቹ ግን ሐረር ቀርተዋል 😩

የጣቢያው ልጅ፦
ሚኒባስ ሹፌር ያምጣልህ፣ ጋቢና ሥር ይገባሉ። ግን ጎባጣ ናቸው ብለህ ንገረው፣ ሊያቃናቸው ይችላል።

ጋሽ መካኒክ፦
ሲጭን እንዳያጎብጣቸው ልጄ። አንዴ ቅርጹ ከጠፋ ጣራው ላይ አይገጥምም።

ዝም አልልም፦
እሁድ ሆነ እኮ። ምን ሆነ ሰውዬው?

ቀፊራ፦
ማስቲሽ ጨምሮበት ይሆናል።

አዲስ አባል፦
ሰላም፣ ይቅርታ ጥያቄውን ልጥለፈው። የ404 የግራ የኋላ በር መስታወት ማዞሪያ ያለው ሰው አለ? ቀኙም ይሆናል ካላችሁኝ እወስዳለሁ።