ፊክስ ፈ = ፈ (ፊክስ ፈ) የት ላይ ነው የሚቆመው?

ማታ_ተማሪ፦

ሰላም ናችሁ? ቀን ቀን በፓይተን የደመወዝ ሲስተም እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ሃስኬል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እየተማርኩ ነው። ደህና ስሄድ ቆይቼ እዚህች መስመር ላይ ተገትሬ ቀረሁ፦

ፊክስ ፈ = ፈ (ፊክስ ፈ)

(ስሞቹን በእኛ ፊደል ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ፊክስ ፈ ማለት በፓይተን ፊክስ(ፈ) ነው።) ይሄ ነገር ራሱን እየጠራ ማለቂያ የለውም አይደል? ግን ፋክቶሪያል (ለ3 ከሆነ 3 * 2 * 1) ሲያሰላበት በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞስ ፊክስድ ፖይንት የሚባለው ያ ኮሌጅ የተማርነው ሀ = ፈ(ሀ) ነው? ከሪከርሽን (ፈንክሽን ራሱን ከመጥራት) ጋር ምን አገናኘው? ፓይተን ላይ ያንኑ ስጽፈው ወዲያው ሪከርሽን ኤረር ይሰጠኛል።

ሰነፉ፦

ካልኩሌተር አውጣ። ራዲያን ላይ አድርግና የፈለግከውን ቁጥር አስገብተህ ኮሳይንን ደጋግመህ ተጫን። 0.739085 ላይ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ብትጫን ብትጫን ንቅንቅ አይልም። ፊክስድ ፖይንት እሱ ነው። (ዲግሪ ላይ ከሆነ 0.9998 ምናምን ታያለህ፣ አትደናገጥ።) የቀረውን ቆሎ_በኪስ ታስረዳህ፣ ይሄ የሷ ጨዋታ ነው።

ቆሎ_በኪስ፦

ነው እንጂ :)

ወንድሜ፣ ሒሳቡ ያው የኮሌጁ ነው። እዚህ ግን የምንፈልገው ሀ ቁጥር ሳይሆን ፈንክሽን ነው። ፋክቶሪያልን ራሱን ሳይጠራ እንጻፈው፦

እርከን ራስ 0 = 1
እርከን ራስ ን = ን * ራስ (ን - 1)

ልብ በል፣ በቀኝ በኩል "እርከን" የሚል የለም። ስለዚህ ሪከርሲቭ አይደለም። ሥራው ፈንክሽን ተቀብሎ ትንሽ የተሻለ ፈንክሽን መመለስ ነው። እስቲ ምንም የማያውቅ፣ ምን ቢጠይቁት መልስ የማይሰጥ ፈንክሽን ስጠው። የሚመለስልህ የ0ን ፋክቶሪያል ብቻ ያውቃል። እሱኑ መልሰህ ስጠው፤ 0ንና 1ን የሚያውቅ ይመጣል። አሁንም መልሰህ ስጠው፤ 2 ተጨመረ። እንዲህ እያለ በየዙሩ አንድ ቁጥር ይገባዋል።

ሁሉንም የሚያውቀውን ፋክቶሪያልን ብትሰጠውስ? የሚጨምርለት የለም፣ ያንኑ ይመልስልሃል። ፋክቶሪያል የእርከን ፊክስድ ፖይንት ነው ማለት ይሄ ነው። እኔ እስከዛሬ ስለ ሪከርሽን ከሰማሁት ሁሉ ይሄን የሚያህል የለም።

የት ይቆማል ላልከው ደግሞ 3ን ስጠውና ተከተለው፦

ፊክስ እርከን 3
= እርከን (ፊክስ እርከን) 3
= 3 * ፊክስ እርከን 2
= 3 * (2 * ፊክስ እርከን 1)
= 3 * (2 * (1 * ፊክስ እርከን 0))
= 3 * (2 * (1 * 1)) = 6

0 ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው መስመር 1 ብሎ መለሰ፤ ራስ የሚለውን አልነካውም። ሃስኬል ሌዚ ነው፣ ማንም ያልጠየቀውን አያሰላም። ፊክስ (1:) ብለህ ሞክር፤ (1:) ዝርዝር ፊት ላይ 1 የሚጨምር ፈንክሽን ነው። ውጤቱ ማለቂያ የሌለው የ1 ዝርዝር ነው፣ ግን አምስት ብቻ ብትወስድ አምስት ሰጥቶህ አርፎ ይቀመጣል። የሰጡትን ያንኑ የሚመልሰውን ፈንክሽን ከሰጠኸው ግን እስኪነጋ ብትጠብቅም መልስ የለም። ለእሱ ሁሉም ነገር ፊክስድ ፖይንት ነው፤ ፊክስ ደግሞ ከሁሉም ትንሹን፣ ያንን ምንም የማያውቀውን፣ ነው የሚያመጣው።

ፓይተን ሌዚ አይደለም። ፈ የተባለውን ፈንክሽን ከመጥራቱ በፊት ግቤቱን አስልቶ መጨረስ ይፈልጋል። ግቤቱ ፊክስ(ፈ) ነው። እሱን ለማስላት ሌላ ፊክስ(ፈ)። ፈ ተራው ሳይደርሰው 1000 የሚለው የተለመደው ገደብ ይሞላል። መድኃኒቱ ስሌቱን ላምዳ (ስም የለሽ ፈንክሽን) ውስጥ ማዘግየት ነው፦

ፈ(ላምዳ ሀ: ፊክስ(ፈ)(ሀ))

ማታ_ተማሪ፦

ኧረ ሠራ! እግዜር ይስጥሽ። ግን በቀጥታ ሪከርሲቭ አድርጌ መጻፍ ስችል ይሄ ሁሉ መዞር ለምን?

ሰነፉ፦

ለፉከራ።

ቆሎ_በኪስ፦

አትስማው። ላምዳ ካልኩለስ በሚባለው፣ ሁሉም ነገር በፈንክሽን ብቻ በሚጻፍበት የሒሳብ ቋንቋ ውስጥ ፈንክሽን ስም የለውም፣ ራሱን በስም መጥራት አይችልም። እዚያ ዋይ ኮምቢኔተር፣ ማለትም የፊክስን ሥራ ያለ ስም የሚሠራ ፈንክሽን፣ ወይም መሰሉ የግድ ነው። ዋይ ኮምቢኔተር የሎጂክ ሊቁ የሃስኬል ከሪ ሥራ ነው፤ ቋንቋውም የተሰየመው በእሱ ነው። እሱን ቀጥታ ሃስኬል ላይ ልጻፍ ብትል ግን ኮምፓይለሩ ማለቂያ የሌለው ታይፕ (የዳታ ዓይነት) ነው ብሎ ይመልስሃል። ለዚህ ነው የኛ ፊክስ የራሱን ስም የሚጠራው።

ለዕለት ሥራህ ግን የሚጠቅምህ ሌላ ነው። እርከን "ራስ"ን ከውጭ ስለሚቀበል መሃል መግባት ትችላለህ። ፊቦናቺን (እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት ሁለቱ ድምር የሆነበትን ተከታታይ) በተለመደው መንገድ ጽፈህ 35ን ብትጠይቀው ወደ 30 ሚሊዮን ጥሪ ያደርጋል። በእርከን መልክ ጻፈውና "ራስ" ባለበት ቦታ መልሶችን በዲክሽነሪ የሚያስቀምጥ ፈንክሽን አቀብለው፤ ከ0 እስከ 35 ያሉትን 36 መልሶች አንድ አንዴ ብቻ ያሰላል። የፊቦናቺውን ኮድ አንዲት ፊደል አልነካህም። መቁጠሪያ ወይም ሎግ ማስገባት ስትፈልግም በዚሁ በር ነው የምትገባው።