ያገለገለ ዲቲ 125 ደሴ ወይ ኮምቦልቻ የት ላሰራው? ዘይትና ካንዴላስ የቱን?

ጠያቂ፦
ሰላም የወሎ ልጆች እንዴት ናችሁ፣ ከመስሪያ ቤት ጨረታ የወጣ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ገዝቼ ነበር፣ ጠዋት በሁለተኛ ርግጫ ይነሳል፣ ሞቆ ካጠፋሁት ግን ላቤ ጠብ እስኪል ብረግጠው ወይ ፍንክች። ጭሱ ነጭ ነው ወፍራም፣ ወደ ኩታበር ስወጣ አቅም ያጣል፣ ካንዴላ ሶስቴ ቀየርኩ ሁሌ ጠቁሮና ረጥቦ ነው የሚወጣው። አንድ ጋራዥ ወስጄው ሳይፈቱት በጆሮ ብቻ ሰምተው ፒስቶን ከነፋሻው ይቀየር አሉኝ። ደሴ ነው የምኖረው፣ ኮምቦልቻም ቢሆን እወርዳለሁ፣ የሚያውቅ ሰው ጠቁሙኝ ባካችሁ።

መልስ ከደሴ፦
ወንድሜ ገንዘብህን ያዝ፣ ፒስቶኑን ገና አትግዛ። እኔም የጨረታ ዲቲ አምስት አመት ነድቻለሁ፣ ልክ እንዳንተ ሲሆንብኝ ሰው ሰምቼ ፒስቶን አስቀየርኩና ጭሱ እዛው ቁጭ አለ፣ ችግሩ ለካ ፓራሎዮ (ዘይትና አየር የሚያግደው ጎማ) ነው። ክራንኩ (ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ) ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ፓራሎዮ አለ። የቀኙ ፍሪሲዮን በኩል ነው፣ እሱ ሲደርቅ ሞተሩ የማርሽ ዘይት እየሳበ ያቃጥላል፣ ጭሱ ነጭ ይሆናል፣ ሽታው ይከረፋል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ ሁሉም ያንተ ምልክት ነው። ይሄን ለማወቅ ደግሞ ሜካኒክ አያስፈልግህም፣ የማርሽ ዘይቱን አፍስስና አዲስ ለክተህ ሙላ፣ አንድ ሳምንት ንዳው፣ ከዛ ሃይላንድ ውስጥ ገልብጠህ ስንት እንደወጣ እይ። ከስር ሳያንጠባጥብ ከጎደለ የሄደው በጭስ ነው። የግራው ማግኔቱ ስር ያለው ነው፣ እሱ ሲበላሽ ዘይት ሳይሆን አየር ነው የሚገባው፣ ጋዝ ለቀህ እንኳን ሚኒሞው እየጮኸ ይቆያል፣ ይሄኛው ሞተር የሚያስነክስ (ፒስቶኑን የሚያጣብቅ) ነው እንዳትንቀው። ለማንኛውም ከተፈታ አይቀር ሁለቱንም ቀይር።

ሲሞቅ አልነሳም የሚለው ግን ሌላም ሊሆን ይችላል። እምቢ ባለህ ሰአት ካንዴላውን ፍታና ቴስታታው ላይ አስነክተህ ርገጥ (ቤንዚን የፈሰሰበት ጋ አታድርገው!)፣ ብልጭታው ሰማያዊና ጠንካራ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፣ ቀላ ብሎ ከሰነፈ ወይ ጭራሽ ከጠፋ ማግኔቱ ውስጥ ያለው ጥቅል ወይ ሲዲአዩ (ብልጭታውን የሚቆጣጠረው ሳጥን) ሲሞቅ ይደክማል ማለት ነው፣ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይሰራል፣ ብዙ ሰው ሳያስፈልገው ሲሊንደር የሚያስነሳው (በቶርኖ የሚያሰፋው) በዚህ ተሸውዶ ነው።

ወደ ጋራዡ ልምጣ። ደሴ ላይ ቦክሰርና ባጃጅ የሚሰሩት ልጆች እጃቸው ፈጣን ነው፣ ለፍሬን ለካቴና ለፍሪሲዮን ገመድ እነሱ ጋ ነው የምሄደው፣ ዋጋቸውም አይጎዳም። ቱ ስትሮክ (እንደ ዲቲ ቫልቭ የሌለው፣ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር የሚቃጠል ሞተር) ግን ብዙዎቹ አላደጉበትም፣ አንዱማ የኔን ከፍቶ ቫልቩ የት አለ ብሎ ሲፈልግ ነበር ወላሂ። ለሞተር ስራ በየግብርናውና በየእርዳታ ድርጅቱ ኤጂ 100 እና ዲቲ ሲጠግኑ የኖሩ አባቶችን ፈልግ፣ ቦርድ የላቸውም፣ ግቢያቸው ውስጥ ነው የሚሰሩት፣ የድሮ የመስክ ሰራተኛ ጠይቅ ያሳዩሃል። ሰውየውን መፈተን ካማረህ ጋሼ ይሄ ሞተር ክራንኩ ዘይት የሚያገኘው ከየት ነው በለው፣ ከቤንዚኑ ጋር ነው ካለህ ቁጭ በል፣ ከስር ካለው ዘይት ነው ካለህ ሻይ ጠጥተህ ተመለስ።

ኮምፕረሽን ልለካልህ የሚልህ ሰው ካገኘህ ጥሩ ነው፣ ቁጥሩ ግን አያስደንግጥህ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ሲነጻጸር ወደ ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ባህር ዳርቻ 120 ፒኤስአይ የሚያሳይ ሞተር እዚህ 90 አካባቢ ቢያሳይ ሞቷል ማለት አይደለም። ባህር ዳርቻ ስል ባህር ዳርን አይደለም ሃሃ።

ዘይት፦ ቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤፍሲ ወይ ኤፍዲ (የጥራት ደረጃ ነው) የሚል የቱ ስትሮክ ዘይት ግዛ፣ ብራንዱ ብዙም አያጣላም። በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውን እርሳው። የመኪና ሃያ ሃምሳ ዘይት የሚጨምሩም አሉ፣ ጥላሸቱ ማርሚታውን ይደፍነዋል፣ ያኔ ዳገት ላይ አቅም አጣ ትላለህ። ዲቲ ራሱ ዘይት የሚቀላቅል ፓምፕ አለው፣ የጨረታ ሞተር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ነቅለውት ወይ ደፍነውት ነው የምታገኘው፣ የዘይቱ ሳጥን ስለሞላ ብቻ እንዳትተማመን፣ ቱቦውን ተከትለህ እስከ ፓምፑ እይ። ፓምፑ ከሌለ በእጅ ነው የምትቀላቅለው፣ እኔ ለአምስት ሊትር ቤንዚን 125 ሚሊ አደርጋለሁ፣ አንድ ለአርባ መሆኑ ነው።

ካንዴላ ላይ ደግሞ ይገባል ያው ነው የሚሉህን አትስማ። ኤንጂኬ (የካንዴላ ብራንድ) ላይ ኢ የሚለው ፊደል የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊሜትር ነው፣ ኤች የሚለው 12.7፣ ሁለቱም እኩል ውፍረት ስለሆኑ የአንዱ ቀዳዳ ሌላውን ይቀበላል፣ አጭር ቦታ ላይ ረጅሙን ካሰርክ ግን ፒስቶኑ ይመታዋል። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ካንዴላው ቀዝቃዛ (ሙቀት ቶሎ የሚያስወጣ) ነው፣ ቦሽ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ እኔ ራሴ ስንቴ ተምታቶብኛል።

መልስ ከኮምቦልቻ፦
የደሴው ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ካርቡራቶር የምታስተካክለው የምትነዳበት ከተማ ነው መሆን ያለበት። ደሴ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሜካኒኩ ትንሽ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) ይገጥምልሃል፣ ሞተሩ ይፈነጥዛል፣ ያንኑ ይዘህ ወደኛ ስትወርድ ወይ ባቲን አልፈህ ወደ ሚሌ ስትዘልቅ ደግሞ ቤንዚን ያንሰውና ይግላል፣ ከዛ ግሪፕ፣ ሞተሩ ይነክሳል። ሐረጎን ስትወርድ ደግሞ ጋዝ ዘግተህ በማርሽ ብቻ እየያዝክ አትውረድ፣ በእጅ የምትቀላቅል ከሆነ ጋዝ ስትዘጋ ዘይቱም አብሮ ነው የሚዘጋው፣ ሞተሩ ግን እየጮኸ ነው። በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዘህ ትንሽ ጋዝ ስጠው።

ሲሊንደር ማስነሳት የግድ ከሆነ እኔ ኮምቦልቻን ነው የምመርጠው፣ ፋብሪካ ሲሰሩ የኖሩ ቶርነሮች አሉ፣ ልኬታቸው ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። ፒስቶኑን ሳትይዝ አትሂድ፣ በፒስቶኑ ልክ ነው የሚነሳው እንጂ ተነስቶ ፒስቶን አይፈለግለትም። ሌላው፣ የመኪና ሲሊንደር የለመደ ሰው የጭስ ቀዳዳዎቹን ጠርዝ ሳይሞርድ ይሰጥሃል፣ ፋሻው ቀዳዳው ላይ ይነክስና በሳምንት ይሰበራል፣ የጓደኛዬ እንደዛ ነው የሆነው። ጣትህን አስገብተህ ዳሰው፣ ከቆረጠህ መልስለት።

ፓራሎዮ እዚህም ደሴም ልኬቱ የተጻፈበትን ታገኛለህ፣ ግን ለክራንክ ከሆነ የቻይናውን አልመክርም፣ ለፊት ሹካ ይሁን፣ ለክራንክ ኦሪጅናል ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጣ። ዋጋው ሶስት እጥፍ ነው አውቃለሁ፣ ሁለቴ ሞተር ማስፈታቱ ግን ይብሳል።

ጠያቂ፦
ጋሼ እና የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ የማርሽ ዘይቱን ለካሁት። በስምንት ቀን ወደ 200 ሚሊ ጎድሏል፣ ከስር አንድ ጠብታ የለም፣ ሲሞቅም ብልጭታው ሰማያዊ ነው። የዘይት ቱቦውም እንዳላችሁት በብሎን ተደፍኖ ነው ያገኘሁት፣ ደግነቱ ሻጩ ቀላቅለህ ንዳ ብሎኝ ነበር። አንድ የድሮ የግብርና ሜካኒክ ሰኞ ገበያ በኩል አገኘሁ፣ ያቺን የክራንክ ዘይት ጥያቄ ስጠይቃቸው ሳቁና ማን ላከህ አሉኝ። ፓራሎዮውን ይዘህ ና ብለውኛል፣ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በሹፌር ይላክልኛል፣ የግራውንም አብሬ አዝዣለሁ።