መዓዛ ያለው ቫዮሌት ለገበያ፦ ኮምቦልቻ ላይ የትኛው ዝርያ ያዋጣል?

ጠያቂ (ከኮምቦልቻ)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለች አነስተኛ መሬት ላይ ጽጌረዳ እያመረትኩ ለደሴና ለኮምቦልቻ የሰርግ አስጌጮች አቀርባለሁ። የደንበኞቼ ቅሬታ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አበባው ያምራል፣ መዓዛ ግን የለውም ይሉኛል። ይህን ሰምቼ አምና «መዓዛማ ቫዮሌት» ተብሎ የተሸጠልኝን ዘር ብዘራ፣ የበቀለልኝ ፊቱ ሰፊ፣ መዓዛው ግን ከምንም የማይቆጠር ፓንሲ የሚባል የቫዮሌት ዘመድ አበባ ሆነ። ዘንድሮ ከአዳዲሶቹ ዝርያዎች መካከል በእርግጥ መዓዛ ያለውን ለይቼ መትከል ስለምፈልግ፣ የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (አትክልተኛ፣ ቦሩ ሜዳ)
ወንድሜ፣ የደረሰብዎ ነገር የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። ቫዮሌት በሚለው ስም የማይገናኙ ተክሎች ይሸጣሉ። በየቤቱ በመስኮት ሥር የሚቀመጠው የአፍሪካ ቫዮሌት እንኳ ከታንዛኒያ ተራሮች የመጣ፣ መዓዛ የሌለውና ከቫዮሌት ወገን ያልሆነ ተክል ነው። እርስዎ የሚፈልጉት በሳይንሳዊ ስሙ ቪዮላ ኦዶራታ የሚባለውን፣ መዓዛ ያለውን ቫዮሌት ነው።

ስለ «አዲስ» ግን ትንሽ ልከራከርዎ። ከመቶ ዓመት በፊት የወጣው ገቨርነር ሄሪክ የሚባለው ዝርያ አበባው ትልቅ፣ ቀይ ሸረሪትን (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) የሚቋቋም ነበር፤ መዓዛ ግን የለውም። ስለዚህ አዲስ ስም ከማሳደድ ይልቅ የተፈተኑትን ይያዙ። ፕሪንሰስ ደ ጋል፣ እ.ኤ.አ. በ1889 በፈረንሳይ የወጣው፣ አገዳው ረጅም ስለሆነ ለማሰር ይመቻል። ቪክቶሪያ የሚባለውን በደቡብ ፈረንሳይ የቱሬት ሱር ሉ መንደር ገበሬዎች እስከ ዛሬ ያመርቱታል። ከዘር መጀመር ለሚፈልግ ሰው ደግሞ አበባውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ የሚይዘው ንግሥት ሻርሎት ይሻለዋል። ድርብርብ አበባ ያለው የፓርማ ቫዮሌት መዓዛው ከሁሉም ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ዘር የማያፈራ መካን በመሆኑ የሚባዛው ሥሩን በመክፈልና ቁራጩን በመትከል ብቻ ነው። የፓርማ ዘር አለኝ የሚል ነጋዴ ካጋጠመዎ ኪስዎን ይጠብቁ።

መልስ (ከደሴ)
እኔ ከዝርያው በፊት ከፍታውን አስቀድማለሁ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ሲሆን ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል፤ ይህ ልዩነት ለቫዮሌት ትልቅ ነገር ነው። ተክሉ የሚያብበው ሌሊቱ ሲበርድ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ቅጠሉ እየበዛ አበባው የጠፋ ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ዓመት ተስፋ ቆርጬ ልነቅለው ስል ቅጠሉን ገለጥ ባደርግ፣ ሳይከፈቱ ራሳቸውን ያዳቀሉ ጥቃቅን እምቡጦችና የዘር ከረጢቶች ከአፈሩ ጋር ተጣብቀው አገኘሁ። ተክሉ አልሰነፈም፤ የሚሸጥ አበባ ግን አልሰጠኝም።

ስለዚህ ችግኙን ደሴ ወይም ኩታበር በኩል በከፊል ጥላ ሥር ይትከሉ፤ አበባውን በሐረጎ ቁልቁለት አውርደው ኮምቦልቻ ይሽጡ። አፈሩ ብስባሽ የበዛበት ይሁን፤ በበጋ ደረቅ ነፋስ ሲመጣ ቀይ ሸረሪት ከቅጠሉ ሥር ስለሚሰፍር የቅጠሉን ሆድ እየገለበጡ ይመልከቱ። የፓርማውን ዝርያ ከያዙ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ እንዳይመታው በላስቲክ ይሸፍኑት።

ከቆረጡ በኋላ በዙሪያው ቅጠል አድርገው ይሰሩት፤ ቫዮሌት በአበባው ጭምር ውኃ ስለሚስብ፣ እስሩን ጥቂት ደቂቃ ገልብጠው ውኃ ውስጥ ነክረው በቀዝቃዛ ቦታ ያሳድሩት። ይህን ካላደረጉ ጠዋት የቆረጡት ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአጎቴ ልጅ ኩታበር ላይ መሬት ስላለው 40 ሥር ብቻ ተክዬ ልጀምር። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ችግኝ ስገዛ መዓዛውን በምን ላረጋግጥ? አምና አንዱን አሽትቼ ደስ ካለኝ በኋላ፣ ደግሜ ሳሸተው ምንም አልሸተተኝም።

መልስ (አትክልተኛ፣ ቦሩ ሜዳ)
ያ እንኳ ማታለል አልነበረም። የቫዮሌትን መዓዛ የሚሰጠው አዮኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አፍንጫን ለጊዜው ያደነዝዛል፤ መዓዛው ጠፋ ሲሉ አበባው ላይ ግን አለ። አንድ ጊዜ ያሽትቱ፣ ቡናዎን ይጠጡ፣ ከዚያ ተመልሰው ያሽትቱ። ያበበ ተክል ሳያሳይ ችግኝ ብቻ ከሚሸጥ ሰው ግን አይግዙ።