ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዴይተን (ኦሃዮ) ልንዛወር ነው፤ ከተማውን የምታውቁ ምከሩን

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች አባት
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርን 6 ዓመታችን ነው። እኔ ኡበር እነዳለሁ፣ ባለቤቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ኪራዩ ግን ከእኛ ጋር አብሮ የሚበላ አምስተኛ ቤተሰብ ሆኗል። የአክስቴ ልጅ ከዴይተን ሥር ሞሬይን በምትባለው ከተማ የመኪና መስታወት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ «ና፣ እዚያ በምትከፍለው ኪራይ እዚህ ቤት ትገዛለህ» እያለ ይወተውተኛል። የቤቱን ዋጋ ሳየው ደስ ከማለት ይልቅ ፈራሁ። ለምንድነው እንዲህ የረከሰው? ሥራውስ ይዘልቃል? አንድ መኪና ብቻ ነው ያለን። ልጆቹ የ5 እና የ9 ዓመት ናቸው።

ጓንት፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ፤ ከሞንትጎመሪ ካውንቲ (ወረዳ እንደማለት ነው) ወጥተህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው የምትገባው። የዴይተንም ካውንቲ ስሙ ያው ነው። ፎርም ስትሞላ ትጠነቀቃለህ።

ቤቱ የረከሰው ከተማው ለብዙ ሰው ተሠርቶ ግማሹ ስለሄደ ነው። በ1960 ከ262,000 በላይ ሕዝብ ነበረው፤ በ2020 ቆጠራ 137,000 ገደማ ነው። በየሱቁ «ቺንግ» የሚለው የሒሳብ ማሽን፣ የፍሪጅዴር ማቀዝቀዣ፣ የመኪና ሞተር ያለ እጅ የሚያስነሳው ስታርተር፣ ሁሉም እዚሁ ይሠሩ ነበር። የራይት ወንድማማቾችም አውሮፕላናቸውን የሠሩት እዚህ ብስክሌት እየጠገኑ ነው። ከዚያ የሒሳብ ማሽኑ ኩባንያ ኤንሲአር በ2009 ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ጆርጂያ አዛወረ። የአክስትህ ልጅ የሚሠራበት ሕንፃ ደግሞ የጀነራል ሞተርስ ነበር፤ በ2008 ለፈረንጆቹ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ተዘጋ። የቻይናው የመስታወት ኩባንያ ፉያዎ በ2014 ገዝቶት በ2016 በይፋ ከፈተው። በ2017 ሠራተኛው የሠራተኛ ማኅበር ይቋቋም አይቋቋም ብሎ ድምፅ ሰጥቶ 868 ለ444 «አይቋቋም» አሸነፈ፤ ይህን አውቀህ ግባ።

እኔ በሌላ ፋብሪካ የመኪና ዕቃ ስሠራ 9 ዓመቴ ነው። የሚያዋጣህ ኦቨርታይም ሲኖር ነው፤ የመኪና ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ ነው። ሞርጌጅህን (የቤት ብድር ክፍያህን) በሳምንት 40 ሰዓት ደመወዝ አስላ፣ በኦቨርታይም አታስላ። ኡበርን ደግሞ እርሳው፣ እንደ ዋሽንግተን ዲሲ አይደለም።

አባ ቆስጣ፦
እኔ ባልመጣ እመርጥ ነበር። አንዴ ፋብሪካ የዘጋ ከተማ ሁለተኛም ይዘጋል።

እናት ዓለም፦
አባ ቆስጣ፣ ፋብሪካ ብቻ አድርገው አዩት እኮ! ዴይተን ዛሬ የሚኖረው በአየር ኃይሉ ሰፈር በራይት ፓተርሰን (በ1995 የቦስኒያ ጦርነት ማብቂያ ስምምነት የተደረሰበት ግቢ ነው፣ ከ30,000 በላይ ሰው ይሠራበታል) እና በሆስፒታሎቹ ነው። የጠያቂው ባለቤት ከእሱ በፊት ሥራ ታገኛለች ባይ ነኝ።

ወንድሜ፣ ለእሷ ይህን ንገርልኝ፦ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) የሚባለውን እዚህ ኤስቲኤንኤም ይሉታል። የሜሪላንድ ፈቃዷ ሳይቃጠል ወደ ኦሃዮ እንዲዛወርላት ቀድማ ታመልክት፤ እኔ ጊዜው አልፎብኝ ፈተናውን እንደገና ተቀምጫለሁ። ነርስነት መቀጠል ከፈለገች መሀል ከተማ ያለው ሲንክሌር ኮሌጅ አለ፤ የካውንቲው ነዋሪ የሚከፍለው ከሌላው ያነሰ ነው። የኪራይ ውልና የመብራት ቢል በስማችሁ ይውጣ፣ ነዋሪነታችሁን የሚጠይቋችሁ በእሱ ነው።

የቤዝመንት ውኃ፦
ስሜ ታሪኬን ይናገራል። ርካሽ ነው ብዬ ኢንስፔክሽን (የቤት ፍተሻ) ሳላስደርግ ገዛሁ። ቤቱ የ1920ዎቹ፣ የፍሳሽ ቱቦው ሸክላ፣ የጎረቤት ዛፍ ሥር ደግሞ ቱቦው ውስጥ ቤቱን ሠርቶ ነበር። በሦስተኛው ወር ፍሳሹ ተመልሶ ቤዝመንት ሞላ። የቆጠብኩትን ሁሉ ሳሩ ላይ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት ማለት ነው።

ስለዚህ ከተራው ኢንስፔክሽን ሌላ ቱቦው ውስጥ ካሜራ የሚያስገባ ሰው ቅጠር። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ ሊድ (መርዛማ እርሳስ) ሊኖርበት ይችላል፤ የ5 ዓመት ልጅ አለህና የተላጠ የመስኮት ደፍ ካየህ ዝም ብለህ አትለፍ። አጠገቡ ያሉትንም ቤቶች እይ፤ ሁለቱ በጣውላ ከታሸጉ ያንተ ዋጋ በምን ይነሣል?

ታክስም አለ። ዴይተን ከደመወዝህ 2.5 በመቶ ይወስዳል፣ ሞሬይንም እንዲሁ። መጀመሪያ የሚቆረጠው በምትሠራበት ከተማ ነው፤ የምትኖርበት ከተማ ደግሞ ያንን ያቻችልልህ እንደሆነ ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ፣ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ግን አትደንግጥ፣ አሁን ሜሪላንድ ውስጥም ለካውንቲው 3.2 በመቶ እየከፈልክ ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወንዝ የበዛበት ከተማ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ ጎርፉስ? መኪናውስ?

ጓንት፦
በ1913 ጎርፍ ከተማውን ጠራርጎ ከ300 በላይ ሰው ገድሏል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ራሱ ገንዘብ አዋጥቶ ላይኛው ተፋሰስ ላይ 5 ግድብ ሠራ። የሚገርመው ከኋላቸው ሐይቅ የለም፣ በደረቅ ወር በቆሎ ይዘራበታል፤ ዝናብ ሲበዛ ብቻ ውኃውን ያዝ አድርገው ቀስ ብለው ይለቁታል። መሀል ከተማው ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አልሰጠመም። ለማንኛውም ባንኩ የጎርፍ ኢንሹራንስ ከጠየቀህ ቤቱ የት እንዳለ ገባህ ማለት ነው።

አውቶቡሱ ደህና ነው። እንዲያውም ከላይ በሽቦ ኤሌክትሪክ እየሳበ የሚሄድ አውቶቡስ ከቀረላቸው ጥቂት የአሜሪካ ከተሞች አንዱ ነን። ለሌሊት ሺፍት ግን በእሱ አትመካ። ሥራ ያለባቸው መጋዘኖች በሰሜን አውሮፕላን ማረፊያው በኩል፣ አይ-70 እና አይ-75 የሚባሉት አውራ ጎዳናዎች የሚገናኙበት አጠገብ ናቸው፤ ሞሬይን በደቡብ ነው። አንተ ደቡብ እሷ ሰሜን ከተቀጠራችሁ አንድ መኪና አይበቃም። መጀመሪያ የሁለታችሁ ሥራ የት እንደሆነ ይታወቅ፣ ቤት ከዚያ በኋላ።

የኮሎምበሱ፦
እንጀራና ቤተ ክርስቲያን ያልጠየቅከው ረስተህ ነው? እዚያ ካልተመቸህ እኛ አለን፤ በአይ-70 አንድ ሰዓት ከሩብ ቢፈጅ ነው። እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ የሳምንቱን ጤፍ ጭኖ የሚመለስ የዴይተን ሰው ብዙ ነው።

እናት ዓለም፦
ልጆቹን ይዛችሁ ለአንድ ሳምንት ኑ፣ ገና ምንም ሳትፈርሙ። የአየር ኃይሉ ሙዚየም መግቢያ ነፃ ነው፣ የ9 ዓመቱ ልጅ መውጣት እምቢ ይልሃል። ቤት ልትገዛ ስትመለስ ግን ቤቱን በቀን ብቻ አትየው፤ ማታ አንዴ፣ ዝናብ ሲዘንብ አንዴ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ተስማምተናል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንመጣለን፣ ለመጀመሪያው ዓመት ኪራይ ነው። ካሜራ የሚያስገባውን ሰው ስልክ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።

የቤዝመንት ውኃ፦
ልኬያለሁ። ሰውየው ቅዳሜ አይሠራም፣ በሥራ ቀን ቅጠረው።